ትሪው አልወጣ ላለ ዲቪዲ ድራይቭ፦ ከመጣልዎ በፊት

የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የምርቃት ቪዲዮ በሲዲና በዲቪዲ ተቀርጾ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። ዲስኩ አለ፤ የሚያነበው ማሽን ግን ጠፍቷል። የድሮው ኮምፒውተር ቢነሳም እንኳ ድራይቩ ቁልፉ ሲጫን «ዝዝዝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም ትሪውን ግማሽ ድረስ አውጥቶ መልሶ ይውጠዋል፤ ወይም ዲስኩን ተቀብሎ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ምንም እንዳልገባለት ሁሉ «ዲስክ ያስገቡ» ይላል። ይህን ያየ ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርድበታል። ብዙ ጊዜ ግን የተቃጠለ ነገር የለም፤ ግራሶው ደርቆ ነው።

ድራይቩ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚንሸራተቱ አካሎቹ ላይ ስስ ግራሶ ይቀባል። ግራሶ ማለት ሳሙና መሰል ማወፈሪያ ይዞ ያስቀመጠው ዘይት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ዘይቱ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ይተናል፣ ከአየር ጋርም እየተዋሐደ ይወፍራል። የሚቀረው ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነው። በዚያ ላይ አቧራ አለ። የኮምፒውተሩ ፋን የሞቀውን አየር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላ አየር በየቀዳዳው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ የድራይቩ አፍም አንዱ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ዲስክ ገብቶበት የማያውቅ ድራይቭ እንኳ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር አቧራ ሲጠጣ ይኖራል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ሥራው ዘይት ማንጠባጠብ ሳይሆን አሮጌውን ጠርጎ አውጥቶ አዲሱን በጣም በጥቂቱ መቀባት ነው። አሮጌው ላይ አዲስ የጨመረ ሰው ለሁለት ቀን ይሠራለት ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ዝቃጩ ረጥቦ ይበልጥ ይይዘዋል።

ምን ያስፈልጋል?

ትንሽ የኮከብ ካቻቪቴ፣ አንድ አግራፍ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ ከተቻለ ወረንጦ፣ አልኮል፣ የሚቀባው ነገር። አልኮሉ አይሶፕሮፒል ቢሆንና 90 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 ከመቶውም ይሠራል፤ ነገር ግን ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ካጸዱበት በኋላ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። አረቄ አይሆንም፤ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው፣ ለእንግዳ ቢቀርብ ይሻላል።

የሚቀባው ሁለት ዓይነት ነው። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ለሚንሸራተትበት ቦታ የሲሊኮን ግራሶ፤ ለብረት ዘንጎች ደግሞ ቀጭኑ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። የሲሊኮኑ ከጠፋ ነጩ የሊቲየም ግራሶ ይተካዋል፤ ድራይቭ የሚያመርቱትም ተመሳሳይ ነገር ይቀባሉ። ከአንድ ማንኪያ ያነሰ መጠን ለበርካታ ድራይቭ ስለሚበቃ ሙሉ ቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግም። ልብስ ሰፊ ጎረቤት ካለዎት ዘይቱን በስሪንጅ ጫፍ ቢለምኑት አይከለክልዎትም።

የማይሆኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው። የምግብ ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙጫ ይሆናል። ቫዝሊን ላስቲክ ያበላሻል። በየጋራዡ የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፋው ደብልዩ ዲ ፎርቲ አብዛኛው ክፍሉ የሚተን ማሟሚያ ነው፤ ያለውን ግራሶ አጥቦ ይሄዳል፣ ሲነፋም ሌንሱን ጨምሮ ሁሉን ያረጥባል። ብዙ ድራይቭ በዕድሜ ሳይሆን በዚህ ቆርቆሮ ሲሞት አይቻለሁ።

ሳይፈቱ በፊት ያዳምጡ

ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት ሕመሙን ይለዩ፤ የሚፈታው ክፍል እንደ ሕመሙ ይለያያልና።

ቁልፉን ሲጫኑ ዲናሞው ሲዞር ከተሰማና ትሪው ካልተነቃነቀ ችግሩ ትሪውን የሚያንቀሳቅሰው የላስቲክ ቺንጋ ወይም የትሪው መሄጃ ነው። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አግራፉን ቀጥ አድርገው ይዘርጉትና ከድራይቩ ፊት ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በቀጥታ ያስገቡ። የሆነ ነገር ሲነካ ቀስ ብለው ይግፉት፤ ትሪው ጥቂት ሚሊሜትር ብቅ ይላል። በእጅ ስቦ መጨረስ ይቻላል። በአግራፍ ከተነሳ በኋላ ያለችግር የሚወጣ ከሆነና በራሱ ግን መነሳት ካቃተው ጥፋተኛው በአብዛኛው ቺንጋው ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዲስኩ ውስጥ ሲገባ ከላይ በኩል ማግኔት ያለበት ክብ መያዣ ወርዶ ከሚያዞረው ዲናሞ ጋር ይጨብጠዋል። ለመክፈት መጀመሪያ ያንን ማግኔት ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት የሚጠይቀው ቅጽበትም ያ ነው። የላላ ቺንጋ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው።

አግራፉ ገብቶም ትሪው በእጅ ሲሳብ የሚከብድ፣ እየተንቀጫቀጨ የሚመጣ ከሆነ የመሄጃው ግራሶ ደርቋል። ትሪው ደህና ሆኖ ዲስኩ መጀመሪያው ላይ ተነቦ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ትሪውን ይተዉት፤ ችግሩ ሌንሱ የሚሄድበት ዘንግ ላይ ነው። ሲዲና ዲቪዲ ከመሐል ጀምረው ወደ ጠርዝ ነው የሚነበቡት። ስለዚህ የሠርጉ ቪዲዮ ሙሽራው ቤት ሲደርስ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሌንሱ ዘንጉ ላይ የሆነ ቦታ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬውን ለማጣራት ሌላ የሞላ ዲስክ ያስገቡ፤ ያኛውም እዚያው አካባቢ ከቆመ ጥፋቱ የድራይቩ ነው፣ ካልቆመ የዲስኩ።

ፈታ ማድረግ

ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ማብሪያውን አንድ ሁለት ጊዜ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስጨርሱ፣ የኬዙን ብረት በእጅዎ ነክተው የሰውነትዎን ስታቲክ ያውርዱ። ከድራይቩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ገመዶች ይንቀሉ፦ አንዱ የኃይል ነው፣ ሌላው የመረጃ። ሰፊውና 40 ቀዳዳ ያለው የቆየው አይዲኢ ነው፤ ጠባቡ ሳታ ነው። የጎን ብሎኖቹ ሲፈቱ ድራይቩ ወደ ፊት ይወጣል።

ትሪው መውጣት ስላለበት መጀመሪያ በአግራፉ ይክፈቱት። የትሪውን ፊት የሸፈነችው ቀጭን ፕላስቲክ ከትሪው ላይ ወደ ላይ ስትገፋ ትወጣለች። ከዚያ ድራይቩን ሆዱን ወደ ላይ አድርገው አራቱን ትናንሽ ብሎኖች ይፍቱ። ፊት ያለው ትልቁ ፕላስቲክ በጎንና በሥር ባሉ መንጠቆዎች የተያዘ ነው፤ በጥፍር ጫን እያሉ ያላቁት፣ ካልመጣ የቀረ መንጠቆ አለ ማለት ነውና አይታገሉት። አሁን የብረት ሽፋኑ ይነሳል። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክዎ ፎቶ ማንሳት መልሶ ሲገጥሙ ይጠቅማል፤ ብሎኖቹን ደግሞ በፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይደርድሯቸው።

አንድ ነገር ላሳስብ። ሽፋኑ ተነስቶ ሳለ ድራይቩን ኤሌክትሪክ አይስጡት። ሲዲውን የሚያነበው የሌዘር ጨረር 780 ናኖሜትር ላይ ያለ፣ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ነው፤ ስለዚህ «አልበራም» ብሎ ጠጋ ብሎ ማየት ዓይንን ይጎዳል። ዲቪዲ የሚጽፉት ደግሞ ጨረራቸው ከሚያነቡት ይበረታል።

ትሪውና ቺንጋው

ትሪውን ሙሉ በሙሉ ስበው ሲያወጡት ከፊት በኩል አንዲት ትንሽ ጥቁር የላስቲክ ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች ላይ ተወጥራ ያገኛሉ። በወረንጦ ያውጧት። ጣትዎ ላይ ስትወጠር ወዲያው ካልተመለሰች ወይም የሚያብረቀርቅ መስመር ካወጣች አርጅታለች። ቺንጋዋን በአልኮል በተነከረ ሶፍት ጠራርገው፣ የሁለቱን ፑሊዎች ጉድጓድም በጆሮ ጥጥ አጽድተው ይመልሷት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ቺንጋዋን ከእሳት በወረደ የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ያድርቋት። ትንሽ ትኮማተራለች፣ ጉልበትም ታገኛለች። ይህ የጊዜው መላ ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ ተመሳሳይ መጠን ያላት አዲስ ቺንጋ ናት። ዘይት ወይም ግራሶ ቺንጋው አጠገብ አይድረስ። ቺንጋ የሚሠራው በመያዝ ነው፤ ያንሸራተቱት ቀን ሥራው ያበቃል።

ከዚያ የትሪውን ግራና ቀኝ ጠርዝ፣ የሚሄድበትን ቦይና ጥርሳም ጎማዎቹን በአልኮል ያጽዱ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ እስከመጣ ድረስ ይቀጥሉ። ትሪው በጎተታት ቁጥር ወደ ጎን የምትንሸራተት አንዲት ፕላስቲክ አለች፤ የሌንሱን ክፍል ወደ ላይ የምታነሳውና ወደ ታች የምታወርደው እሷ ናት። የምትሄድበት ሰያፍ ቦይ ከሁሉ የቆሸሸው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሰውም የሚዘነጋው እሱን ነው። ሁሉም ሲደርቅ በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት የሲሊኮን ግራሶ ወስደው በቦዮቹ ላይ ይቀቡ፣ ትሪውን አንዴ አስገብተው አውጥተው ያዳርሱት፣ የተረፈውን በሶፍት ያንሱ። መቅረት ያለበት ማብረቅረቅ ብቻ ነው። በዓይን የሚታይ ክምር ካለ በዝቷል።

የሌንሱ ዘንግ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ስለዚህ አይቸኩሉ። ሌንሱን የተሸከመው ክፍል በሁለት ቀጫጭን፣ በተወለወሉ የብረት ዘንጎች ላይ ነው የሚሄደው። ከመሐል እስከ ጠርዝ የሚጓዘው 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን በዚያች ርቀት የሚጠበቅበት ትክክለኛነት ያስገርማል። በሲዲ ላይ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 ዙር ማለት ነው። በዲቪዲ 0.74 ማይክሮሜትር ስለሆነ ዙሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሌንሱ በራሱ ትናንሽ ጥቅልሎች እየተወዛወዘ መስመሩን ይከተላል፤ መወዛወዙ ዳር ሲደርስ መላው ክፍል በዘንጎቹ ላይ ትንሽ ይገፋል። የደረቀ ግራሶ ካለ ሲገፋ አይሄድም፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ በአንዴ ዘሎ ያልፋል። ድራይቩ መስመሩን ያጣል፣ ተመልሶ ይፈልጋል፣ እንደገና ያጣል። «ክር ክር ክር» የሚለው ድምፅ የዚህ ፍለጋ ነው።

ሌንሱን የተሸከመውን ክፍል በጣት ገፍተው አያንቀሳቅሱት። በአንዳንዱ ድራይቭ ላይ ጠመዝማዛ ዘንግ፣ በሌላው ጥርሳም ጎማ ነው የሚገፋው፤ በጉልበት ሲገፋ ጥርሶቹ ይሰበራሉ። ጠመዝማዛውን ወይም ጎማውን በጣት ጫፍ እያዞሩ ክፍሉን ወደ አንዱ ዳር ይውሰዱት። የተገለጠውን የዘንጎቹን ክፍል አልኮል በነካው የጆሮ ጥጥ ከላይም ከሥርም ይጥረጉ። ከዚያ ወደ ሌላው ዳር ወስደው የቀረውን ይጥረጉ። ክፍሉ ዘንጉን ያቀፈባቸው ቀዳዳዎች አፍ ላይ የተከማቸውን ዝቃጭ በስቴኪኒ ጫፍ ያውጡ፤ ዘንጉ ንጹሕ ሆኖ አፉ ላይ ያለው ከቀረ ወዲያው መልሶ ያቆሽሸዋል። የጠመዝማዛው ዘንግ ጉድጓዶች ደግሞ በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳሉ።

ሲደርቅ የስቴኪኒውን ጫፍ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነክረው በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ አንዴ ያስኪዱት። ማንጠባጠብ የለም። ለጠመዝማዛው ዘንግና ለጥርሳም ጎማዎቹ ስስ ግራሶ ይሁን፤ ዘይት እዚያ ቢገባ ሲሽከረከር ይረጫል፣ የሚረጨውም ሌንሱ ላይ ነው። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያመላልሱት። መጀመሪያ የሚከብደው ቦታ በጣትዎ ላይ ይሰማዎታል፤ እየደጋገሙ ሲሄዱ መክበዱ ከጠፋ ግማሹን ድል አግኝተዋል። የተረፈውን ዘይት በሶፍት ያንሱ።

ሌንሱ ራሱ በጣም በቀጫጭን ሽቦዎች የተንጠለጠለ ነው። ንጹሕ የጆሮ ጥጥ ጫፉን ብቻ በአይሶፕሮፒል አስነክተው፣ ሳይጫኑ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ክብ እያዞሩ ይንኩት። አሴቶን የፕላስቲክ ሌንስን ያደበዝዛል፤ አይጠጋ። ዲስኩ የሚቀመጥበትን የዲናሞውን ራስም በአልኮል ይጥረጉ። እዚያ ያለው የላስቲክ ቀለበት ዲስኩ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነውና እንደ ቺንጋው ቅባት አይወድም።

ገጥሞ መሞከርና መገልበጥ

በፎቶዎቹ እየተመሩ መልሰው ይግጠሙ፣ ሽፋኑን ይዝጉ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይስጡ። ትሪውን ባዶውን ጥቂት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ። ለመጀመሪያው ንባብ የሠርግዎን ዲስክ አያስገቡ፤ ቢበላሽ የማይቆጭዎትን፣ ግን እስከ ጠርዙ የተሞላ ዲስክ ይጠቀሙ። የተሰነጠቀ ዲስክ በጭራሽ አያስገቡ። 52 እጥፍ ፍጥነት ያላቸው ድራይቮች ዲስኩን በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ያሽከረክሩታል፤ የተሰነጠቀው እዚያ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ድራይቩ አንዴ ከተነሳ ያለዎትን ዲስክ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ ቦታ። ለማየት ብቻ እያጫወቱ ጊዜ አያባክኑ። ዲስኩ ከቆሸሸ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት፤ ክብ እያዞሩ መጥረግ መስመሩን ተከትሎ ይጭረዋል። ዲቪዲው ላይ ያሉትን አቃፊዎች እንዳሉ ይገልብጡ። ቪሲዲ ከሆነ ቪዲዮው ስሙ በዳት የሚያልቅ ትልቅ ፋይል ነው፤ ቪኤልሲ ማጫወቻ ይከፍተዋል። አንዱ ድራይቭ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ዲስኩን በአንድ ድራይቭ ምስክርነት ብቻ አይጣሉ።

ስለ ላፕቶፕና ስለ ፍሎፒ

የላፕቶፕ ቀጭን ድራይቭ ቺንጋ የለውም። ቁልፉ ሲጫን መንጠቆው ይለቅና ሞላ ትሪውን ብቅ ያደርገዋል፤ ቀሪውን ሰው ይስበዋል። ሌንሱና ዲናሞው ትሪው ላይ ስላሉ ለዘንጎቹ ቶሎ ይደረሳል፣ አጸዳዱም ከላይ እንዳለው ነው። ትሪው በወጣና በገባ ቁጥር የሚተጣጠፈው ጠፍጣፋ ኬብል ከተቀደደ ግን ቅባት አይፈይድም።

የ3.5 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ ያለው ቢሮም ዛሬ ድረስ አለ። እዚያም ማንበቢያው ራስ በዘንግ ላይ በጠመዝማዛ ይገፋል፣ በእያንዳንዱ ገጽ 80 መስመር ያነብባል፤ ግራሶው ሲደርቅ የመጀመሪያውን መስመር ማግኘት ያቅተዋል። ዘንጉን ማጽዳትና ስስ ዘይት መቀባት፣ ራሶቹን በአልኮል መንካት፣ የላይኛውን ራስ ግን ብዙ አለማንሳት። ሶኒ ፍሎፒ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ የቀረዎትን ዲስክ እየሞከሩ አያድክሙ። በፓወር ግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሲከፈት ፊደሉ ተዘበራርቆ ቢወጣ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አሰጣጥ ነበረው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሰነዱ የሚነበበው የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ነው።

ሃርድ ዲስክን ግን በዚህ ጽሑፍ ተበረታትተው አይክፈቱት። እዚያ ውስጥ የሚቀባ ነገር የለም፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት መረጃውን ልታጠፋው ትችላለች።

ዘንጉ ጸድቶ፣ ቺንጋው ተለውጦ፣ ሌንሱ ተጠርጎ ድራይቩ አሁንም የትኛውንም ዲስክ ካላወቀ ጨረሩ ደክሟል። ያንን ዘይት አይመልሰውም። ያኔ ቺንጋውን፣ ጥርሳም ጎማዎቹንና ብሎኖቹን ለሚቀጥለው ጥገና ያስቀሩ፤ ለዲስኮችዎ ደግሞ ምናለሽ ተራ ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ከሚፈታ ሰው ዘንድ ሌላ ድራይቭ ይፈልጉ። የሚያገኙት ድራይቭም ዓመታት የቆየ ስለሚሆን ዲስክ ከማስገባትዎ በፊት ፈተው ያጽዱት።